ሽንኩርቱ የሚንከባለልበት ቤት

የምኖርበት ቤት የተሠራው ለመኪና ነው። የግቢው ባለቤት ሱሉልታ ላይ ቪላቸውን ሲያሠሩ፣ መኪና እገዛለሁ ብለው በመንገዱ በኩል ጋራዥ አስቀደሙ። መኪናው ሳይመጣ እኔ መጣሁ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ወደ ላይ የሚጠቀለል ብረት ነው። መስኮት የለውም፤ መኪና ምን ያይበታል?

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ የምመኘው ሰው የማያንኳኳበት ክፍል ነበር። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም። «አንድ ቀን ማዳበሪያ ይዤ እመጣለሁ» አለች። «ቤት ሆኖ ካላገኘሁት ዕቃሽን ጠቅልለን እንመለሳለን።»

ስለዚህ በጥንቃቄ ሠራሁት። ኮርኒስ አስመታሁ፣ የፕላስቲክ ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ አልጋዬን ከማብሰያው በቺፑድ ከለልኩ። ያላሰብኩበት ወለሉን ነው። መኪና ሲታጠብ ውሃው እንዲወርድ ተብሎ ወደ መንገዱ አዘቅዝቆ ነበር የተለሰነው። አልጋውን በብሎኬት ስባሪ ደግፌ አስተካከልኩ፤ ሌላው ዕቃ ግን ወደ በሩ መሄዱን አላቆመም። እስክሪብቶ ከወደቀብኝ የምፈልገው ደጅ ወጥቼ ነው።

አንድ የሠፈሩ በያጅ ብረቱን ቆርጦ ትንሽ በርና መስኮት ሊያወጣልኝ ቃል ገብቷል። «ነገ በጠዋት፣ እህቴ!» ይላል ሁልጊዜ። እስኪመጣ ድረስ ብርሃን የማገኘው ትልቁን በር እስከ ላይ ስጠቀልለው ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ በሩን ከፍቼ ሽንኩርት ስልጥ አንዱ አመለጠኝ። ተንከባሎ ወጣና መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ እግር ሥር ቆመ። አነሳችው፤ አገላብጣ አየችው።

«ደረቅ ነው፣ ጥሩ ነው። ኪሎው ስንት ነው?»

ይሄ ሱቅ አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ሚዛን የለኝም» የሚል ነበር።

«እንግዲያስ በመደብ አድርጊልኝ።»

የሳምንቱ ወጥ በዚያው ተሸጠ።

በማግስቱ ከደቡብ የመጡ ሁለት የግንባታ ሠራተኞች ዳቦ ጠየቁኝ። የለም ስላቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ቅሬታ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ከሥራ ስመለስ ዳቦ ገዝቼ ገባሁ። ከዚያ ሻማ፣ ከዚያ ሳሙና። የለም ከማለት ገዝቶ ማስቀመጡ ቀለለኝ። የተመረቅኩት በማኔጅመንት ነው።

ፊት ለፊት የሚኖሩት፣ ሠፈሩ ሁሉ ኦቦ የሚላቸው ሽማግሌ ደግሞ በየጠዋቱ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ»፣ እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ብለው አንድ ክብሪት ይወስዳሉ። ያን ሁሉ ክብሪት ምን እንደሚያደርጉት ለመጠየቅ ድፍረት አልነበረኝም።

እናቴ የመጣችው እሑድ ጠዋት፣ ሳትደውል ነው። ብብቷ ሥር የታጠፈ ማዳበሪያ ይዛለች። ልትገባ ስትል ከሠራተኞቹ አንዱ በትሕትና መንገዱን ዘጋባት።

«እማማ፣ ተራ ይጠብቁ።»

«ተራ? ልጄ ቤት ለመግባት?»

ገባች። ኮርኒሱን አየች፣ ከአልጋው ራስጌ የተደረደረውን ሳሙና አየች።

«ሰው የማያንኳኳበት ክፍል ያልሽኝ ይሄ ነው?»

«አያንኳኩም፣ እማዬ» አልኩ። «ክፍት ነው።»

«እምቢ ማለት የማትችል ልጅ ብቻዋን አትኖርም!» ማዳበሪያውን ዘረጋችና ከትራሴ ጀመረች።

ይሄኔ ኦቦ ደረሱ። «ኢንተላ ኮ፣ ክብሪት አለ?»

ትራሱ ግማሹ ገብቷል።

«ይሄ ሱቅ አይደለም!» አልኩ። ድምፄ ከግድግዳው ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ እኔኑ አስደነገጠኝ። «ቤቴ ነው!»

ደጅ የነበሩት ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ኦቦ ግን ምንም አልመሰላቸውም።

«ቤትሽ መሆኑንማ አውቃለሁ። አልጋሽ ይታየኝ የለ? ክብሪቱ አለ ወይ ነው ያልኩሽ።»

እናቴ ትራሱን እንዳቀፈች አልጋው ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ስጪያቸው እንጂ!»

ሰጠኋቸው። ትራሱን አውጥታ ቦታው መለሰችው።

«እምቢ ማለቱንስ ችለሻል» አለች። «የሚሰማሽ ነው ያጣሽው።»

ከዚያ ማዳበሪያውን አጥብቃ ጠቀለለችና በበሩ ደፍ ላይ አጋደመችው።

«ሽንኩርትሽን ይይዝልሻል።»

ስትሄድ ለመንገዷ ሁለት ዳቦ ወሰደች። ተራ ግን አልጠበቀችም።