ቤቱ ከላያቸው የሄደ ዕለት

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ከሮብ ገበያ እምብዛም በማይርቅ መንደር ኖረው ያረጁ ሴት ነበሩ። በደኅናው ዘመን እግራቸው ፈጣን፣ አንደበታቸው ደግሞ ከእግራቸው የሚቀድም ነበር። ገብስ ሲታጨድ ከወንዶች እኩል ይሰለፋሉ። ረቡዕ ገበያ ውለው ሲመለሱ መንደርተኛው ወሬ ሊሰማ ደጃቸው ላይ ይሰበሰባል፤ እሳቸውም የሰሙትን ትንሽ ጨው ጣል አድርገውበት ያወሩለታል።

ቤታቸውን ከባላቸው ከአቶ ኃይለ ሚካኤል ጋር የሠሩት ገና በወጣትነታቸው ነው። በመንደሩ የመጀመሪያው የቆርቆሮ ቤት እሱ ነበር። ቆርቆሮውን ሰው ተሸክሞ ከመኪና መንገድ ሲያመጣው ፀሐይ አርፋበት ስላብለጨለጨ፣ ከማዶ ያዩት ሰዎች «ውኃ በራሳቸው የተሸከሙ ሰዎች መጡ» ብለው ነበር ይባላል። ለግድግዳው የሚሆነውን ጭቃ ራሳቸው ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጭድ እየበተኑበት፣ በእግራቸው ረግጠው አቡክተውታል። አንድ ልጃቸው አንሙት የተወለደው እዚያው ቤት ነው። ሚስቱን ሙላቷን ያመጣውም እዚያው ነው።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ የዘር ጊዜ ላይ፣ አቶ ኃይለ ሚካኤል ታመሙ። ጎረቤት ተሰብስቦ ቃሬዛ አበጀና ተሸክሞ ወደ መኪና መንገድ አወጣቸው። ሚስታቸው እስከ በሩ ሸኟቸው። በማግስቱ ያው ቃሬዛ ተመለሰ፤ ጋቢው ግን ፊታቸው ላይ ተስቦ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ቃሬዛ የሚባል ነገር ሲነሣ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ዓመታት አልፈው እሳቸውንም ሕመም ጎበኛቸው። አንድ ማለዳ ከአልጋቸው ሊነሡ ሲሉ ግራ ጎናቸው እንቢ አለ። አንደበታቸው ጥቂት ሰንበት ብሎ ተመለሰ፤ እግራቸው ግን እንደ ወጣ ቀረ። ልጃቸው ወደ ሐኪም ሊወስዳቸው ቢለምን፣ ፀሐይ ሊያሞቃቸው ቢለምን፣ መልሳቸው አንድ ነበር።

«ከዚህ በር ተኝቼ የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ደግሞ እኔን አትጠይቁኝም።»

እንዲህ ሆነው ክረምት መጣ ክረምት ሄደ። ሰማይን ያዩት በበሩ ስፋት ልክ ነው፤ እሱም በሩ ሲከፈት።

ሚሌኒየሙ ሊከበር ሁለት ዓመት ሲቀረው ግን ቤቱ ላይ አደጋ ደረሰ። ከቤቱ ፊት ለፊት የነበረው ትንሽ የጎርፍ መሄጃ በየክረምቱ እየሰፋ ቦረቦር ሆነ። መጀመሪያ የጎመኑን መደብ በላ፤ ቀጥሎ አጥሩን፤ ባለፈው ነሐሴ ደግሞ ከደጃፉ በቅርብ ርቀት ላይ የነበረውን ግራር ከነሥሩ ይዞት ወረደ። ሌሊት አፈር ሲናድ የሚሰማው ድምፅ በሬ ጎኑን ለውጦ ሲተኛ እንደሚያሰማው ያለ ነበር። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን በአልጋቸው ላይ ሆነው ይሰሙታል፤ አይተውት ግን አያውቁም።

አንሙት ቤቱን ወደ ኋላ፣ ድንጋያማው ከፍታ ላይ ሊያሸሸው ቈረጠ። በዚያ አገር ለዚህ ነገር መላ አለው። አሮጌ ቆርቆሮ ምስማሩ ከተነቀለ ቀዳዳው አይደፈንም፤ ስለዚህ ቤት አይፈርስም፤ ይሄዳል። የግድግዳው ጭቃ ይራገፋል፤ የበሰበሰው የቋሚዎቹ እግር በመጋዝ ይቈረጣል፤ ረጃጅም አጣና ከቋሚዎቹ ጋር በትከሻ ቁመት ይታሰራል፤ ከዚያ የመንደሩ ወንድ ከውስጥም ከውጭም ገብቶ፣ ጣሪያውንም አጥንቱንም አንድ ላይ ብድግ አድርጎ ይሸከመዋል። አዲሱ ቦታ ላይ ያቆሙትና እንደገና ይመርጉታል።

ችግሩ አልጋው ላይ ያሉት ሴት ነበሩ።

«እማማ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ጎረቤት ይዋሉ» አለ አንሙት።

«በምን ልሂድ?»

 አንሙት «ቃሬዛ» የሚለውን ቃል ለማውጣት ፈራ።

የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ሚካኤል ተጠርተው መጡ። ገና ከመቀመጣቸው፣ «ልጄ፣ ሰው ሲታመም ሰው ይሸከመዋል፤ ምን ነውር አለው?» አሏቸው።

«አባቴ፣ አምና እግርዎን ሲያምዎ በበቅሎ አይደል የሄዱት? ቃሬዛ ቢያመጡልዎ ይተኙበት ነበር?»

አባ ገብረ ሚካኤል ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «እኔማ መቀመጥ እችላለሁ።»

«እኔ ደግሞ መተኛት እችላለሁ። እዚሁ።»

አባ ጠላቸውን ጨርሰው ወጡ። ሊሸኛቸው ለተከተለው ለአንሙትም «ላናዝዛት እችላለሁ፤ ልረታት ግን አልችልም» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ተንጠልጥሎ ሳለ አንድ ምሽት ሙላቷ ትዕግሥቷ አለቀ። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ስታራግፍ ውላ ነበርና አቧራው ቅንድቧ ላይ ሳይቀር ነጥቷል።

«እንግዲህ እማማ፣ ክረምት ሲገባ ከነአልጋዎ ገደል ሊገቡ ነው? እርስዎ በበሩ አልወጣም ካሉ በሩ ይውጣልዎ!»

ይህን ብላ ደነገጠች። አማቷን እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም። አንሙት አቀርቅሮ ይበላ የነበረውን ድንች አስቀምጦ ሚስቱን አያት። ወይዘሮ ወለተ ኪዳንም አዩዋት። ከዚያ የሦስቱም ዓይን ወደ በሩ ዞረ።

በሩ ባለ ሁለት ተካፋች፣ ሰፊ በር ነበር።

«እስቲ በይ ገመድ አምጪ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ቀስ ብለው። «ይቺን አልጋና ያን በር ለኩልኝ።»

ለኩ። አልጋዋ ሳትነቃነቅ ቤቱ ቢሄድ በመቃኖቹ መካከል ታልፋለች፤ በግራና በቀኝ የሚተርፈው ግን አንድ ጋት እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ከዚያ በኋላ ቀን ተፈለገ። ማክሰኞ ሲሉ ሚካኤል ነው፤ ሐሙስ ሲሉ ሌላ በዓል ነው፤ አባ ገብረ ሚካኤል ራሳቸው በጣታቸው እየቈጠሩ የሥራ ቀን አገኙላቸው። ጥምቀት ካለፈ፣ ገብሱም ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ውርጩ እስኪነሣ ተጠብቆ ወንዱ ሁሉ ተሰበሰበ። ቤቱ በዚያን ጊዜ ጭቃው ተራግፎ አልቆ ነበርና ከሩቅ ሲያዩት ክዳን ያለው ትልቅ ቅርጫት ይመስል ነበር። ተካፋቾቹ ተነቅለዋል፤ ደፉም ወጥቷል። አልጋዋ መካከል ላይ፣ እግሯ ወደ በሩ ሆኖ ተቀምጣለች። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ ትራስ ተደግፈው፣ ዳኛ መስለው ተኝተዋል።

ሥራውን የሚያዝዘው ቤት በማስኬድ የታወቀ ድረስ የሚባል ሰው ነው። ድምፁ ከማዶ ማዶ የሚሰማ፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። ወደ አልጋዋ ቀረበና ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ይፈራሉ?»

«አንተ ትላንት የጠጣኸውን ነው የምፈራው።»

«ትላንትማ ለቅሶ ቤት ነበርኩ!»

«ለቅሶ ቤት ደግሞ መቼ ሳትጠጣ ወጥተህ ታውቃለህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ድረስም ከአንዱ አጣና ሥር ገባ። አንሙት በእናቱ ራስጌ በኩል ካለው አጣና ሥር ትከሻውን አገባ። ሙላቷ ወደ ውጭ ወጥታ ከበሩ ትይዩ ቆመች። ሴቶቹ እንስራና ሌማት ይዘው ከአጥሩ ሥር ነበሩ፤ ማንም እልል አላለም።

«ሆ በሉ!» አለ ድረስ።

«ሆ!»

«አንሡ!»

ቤቱ አቃሰተ። ቆርቆሮው እንደሚሰነጠቅ ሁሉ ጮኸ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ቀና ብለው ሲያዩ፣ ከሰላሳ ክረምት በላይ አንድም ቀን ንቅንቅ ሳይል ከራሳቸው በላይ የኖረው ጣሪያ ወደ ላይ ሄደ። ጥቂት ነው፤ ክንድ አይሞላም። ነገር ግን ከቋሚዎቹ ሥር ብርሃን ገባ። ዙሪያውን መሬት የረገጠው የሰዎቹ እግር ብቻ ሆነ። ቤታቸው እግር አውጥቷል።

«ወደ ኋላ! ቀስ!»

ቤቱ መሄድ ጀመረ። ከራስጌያቸው ያለው ግድግዳ ራቀ። ከግርጌያቸው ያለው በር ደግሞ መጣ። እንደ እንግዳ፣ ቀስ ብሎ፣ ራሱን ችሎ እየተራመደ መጣላቸው። መቃኖቹ የእግር ጣቶቻቸውን አለፉ፤ ጉልበታቸውን አለፉ። በአንድ ወገን ጥቁር ጣሪያ፣ በሌላ ወገን ሰማይ፤ መካከሉን የሚለየው ጉበን እሳቸው ላይ እየተንፏቀቀ ወደ ደረታቸው ወጣ።

በዚህ መካከል በቀኝ በኩል ከተሸከሙት አንዱ የድሮ ቋሚ በተነቀለበት ጉድጓድ እግሩ ገባ። ቤቱ አዘነበለ። ቀኙ መቃን የአልጋዋን ጠርዝ ገጭቶ ቀጥ አለ፤ አልጋዋ ተንቋቋች።

«ቁም! ቁሙ በማርያም!» አለ አንሙት።

ሁሉም ባለበት ደረቀ።  ሙላቷ እጆቿን አፏ ላይ እንደ ጫነች ቀረች፤ ያን ምሽት ያመለጣትን ቃል አሁን ብትውጠው በወደደች ነበር። ጉበኑ፣ ቆርቆሮውም፣ ያ ሁሉ እንጨትም፣ በአማቷ ደረት ትክክል ተንጠልጥሏል።

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ደኅና ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መቃኑን ያዙት። እንጨቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው ሁሉ በዚያ እንጨት ውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣ የልጃቸውም ትከሻ፣ የጎረቤትም ትከሻ፣ ያ የጠጣው የድረስም ትከሻ፣ ሁሉም በመዳፋቸው ገባ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜያቸው ዳስሰው አያውቁም። ከበሩ መውጣትን ሲፈሩ የኖሩት ሴት ለጊዜው ፍርሃትን ረሱት።

«ድረስ!» አሉ። «የዶሮ ቤት የተሸከምክ መሰለህ? ወደ ቀኝህ ቀና አድርገው!»

«ኧረ አያስቁን እማማ! ይወድቅብዎታል!»

«ከወደቀማ አንተን ነው የሚቀብሩህ። አንሣ አልኩህ!»

እግሩ የገባው ሰው እግሩን አወጣ። ቤቱ ቀና አለ። መቃኑ ከመዳፋቸው ሥር ተንሸራቶ ሄደ። ጉበኑ ፊታቸውን አለፈ፤ ግንባራቸውን አለፈ።

ሰማይ ሆነ።

ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት፤ ብርሃኑን አልቻሉትም። ጥቂት ቆይተው ከጥጉ ገለጥ አደረጉት። ከዚያ ጨርሰው ተዉት። ያ በበር ልክ ተቈርጦ ይሰጣቸው የነበረ ሰማይ አሁን ዳርቻ የለውም። ጮቄ እዚያው ነው፤ ግን በትዝታቸው ካስቀመጡት ይልቅ በጣም ትልቅ ነበር። ደመና በትከሻው ላይ ተኝቷል። ነፋሱ ከየት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ከኋላቸው ቤቱ በሰው እግር ዳገቱን ሲወጣ፣ «ሆ! ሆ!» ሲል፣ ቆርቆሮው ሲያንኳኳ ይሰማል። እሳቸው ግን አልዞሩም። ሙላቷ እየሮጠች መጥታ አልጋዋ አጠገብ ተንበረከከች።

«እማማ! መቃኑ አገኘዎት? ደኅና ነዎት?»

«ሰማዩ» አሉ። «ሰማዩ እንዲህ ነበር እንዴ፣ ሙላቷ?»

ሙላቷም ቀና ብላ አየችው። ጠዋትና ማታ ከሥሩ ስትመላለስ አንድም ቀን እንዲህ አይታው አታውቅም ነበር።

ቤቱ አዲሱ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ነው እልልታው የተሰማው። ወንዶቹ ላባቸውን እየጠረጉ ቁልቁል መጡ፤ ወደ አልጋዋ ሲቀርቡ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ባዶው መደብ ላይ፣ ግድግዳ በሌለበት፣ ምሰሶ በሌለበት፣ አንዲት አሮጊት ሰማይ ሲያዩ ሲደርሱባቸው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የገቡ ያህል ተሰማቸው። ድረስ እንኳ ቆቡን አውልቆ ነበር።

«እንግዲህ እማማ» አለ አንሙት እያመነታ። «አሁን... ብናስገባዎትስ? መግባት ነው እንጂ መውጣት አይደለም።»

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ወደ ተሰበሰቡት ሰዎች አዩ። ብዙዎቹ የባላቸውን ቃሬዛ የተሸከሙ ናቸው። ያን ጊዜ ያላዩትን ትከሻቸውን አሁን አንድ በአንድ አዩላቸው፤ አጣናው ቆዳቸውን ልጦታል።

«ወጥቻለሁ እኮ ልጄ» አሉ። «ከወጣሁ ወዲያ ምን ቀረኝ? አንሡኝ። ግን ወደ ቤት አይደለም።»

«ወዴት?»

«ወደ ቦረቦሩ። ስንት ሌሊት ስሰማው አድሬያለሁ፤ ልየው።»

አንሙት ጎንበስ ብሎ የአልጋዋን አንድ ጠርዝ ያዘ። አራት ሆነው አልጋዋን በትከሻቸው አደረጉ፤ አንዱ ትከሻ የድረስ ነበር። ሌላው ሰው ከኋላ ተከተለ። ከጫፉ ራቅ ብለው፣ መሬቱ ጠንካራ በሆነበት ቆሙና ያዩ ዘንድ በራስጌ በኩል ከፍ አደረጓቸው።

ቦረቦሩ ተከፍቶ ታያቸው። ቀዩ አፈር፣ ከሥሩ ግራጫው፣ ከሥሩ ደግሞ ማንም ያላረሰው ጥቁሩ፣ እርከን በእርከን ወርዶ ወርዶ ዓይን እስኪደክም ይዘልቃል። የጎመን መደባቸው የነበረበት ቦታ አየር ሆኗል፤ በዚያ አየር ላይ አሞራ ከሳቸው በታች ክንፉን ዘርግቶ ያልፋል። ከታች፣ ከወደቀው ግራር ሥር፣ ቀጭን ውኃ እየበራ ይሄዳል።

«ይህን ሁሉ ውኃ ነው የሠራው?» አሉ።

«ውኃ ነው እማማ።»

«ያ በእንስራ እቀዳው የነበረው ውኃ?»

 አራቱ ሰዎች እንደ ተሸከሙ፣ ሳይነቃነቁ ቆሙላቸው። ወይዘሮ ወለተ ኪዳንም ቁልቁል ሲያዩ ቆዩ፤ ደኅናው እጃቸው የድረስን ትከሻ ይዞ ነበር።