የአቶ ይርጋ ዳማ

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ምስማርና ማጠፊያ ይሸጡ የነበሩት አቶ ይርጋ ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን የእድራችን ጥሩንባ አሰምቶናል። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ የንስሐ አባታቸው የነበርሁ ካህን ነኝ። በልቅሶው ድንኳን ስለ ደግነታቸው ብዙ ተነግሯል፤ ሁሉም እውነት ነው። ያልተነገረውን መጻፍ ግን የእኔ ፋንታ ሆነ።

ሱቃቸውን የምታውቁ ትመሰክራላችሁ። አቅመ ደካማ ሴት ለበሯ ማጠፊያ ገዝታ ስትሄድ መዶሻቸውን ይዘው ይከተሏት ነበር። ራሳቸው ገጥመው፣ ዘይት ቀብተው፣ በሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍተው ከዘጉ በኋላ «ማጠፊያ ዘይት ካላገኘ ይጮኻል፤ ሰውም እንዲሁ ነው» ይላሉ። እኔ ይህን ቃል የነጋዴ ቀልድ አድርጌ እሰማው ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ባረፉ ጊዜ እኚህ ሰው ከአልጋ ዋሉ። ሱቁ ተዘጋ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ፤ ውሃ ሲቀርብላቸው እንኳ አይዞሩም። ልጃቸው ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙም ሕመሙ የአእምሮ መሆኑን ነግሮ መድኃኒት አዘዘላቸውና «ቀድሞ ይወዱት የነበረውን ነገር አይተዉ፤ እሱም እንደ ክኒኑ ያስፈልግዎታል» አላቸው። ይወዱት የነበረው ዳማ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሸምሱ ሰሌዳውን በብብታቸው ይዘው አልጋው ድረስ ገቡ።

«ተነሥ አንተ ሰነፍ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስረታህ ኖሬ አሁን ልታመልጠኝ ነው?»

አቶ ይርጋ ከስንት ቀን ዝምታ በኋላ አፋቸውን ከፈቱ። «ማን ነው የረታው? አንተ ቆርኪ ደባቂ!»

«እንግዲያው ና አሳየኛ! የቢራውን ቆርኪ አንተ ያዝ፤ እኔ ሐጂ ነኝ፣ የለስላሳው ይበቃኛል።»

በንዴት ተነሡ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በሱቁ በረንዳ ላይ ይጫወቱ ጀመር። አቶ ይርጋ ጢማቸውን ተላጩ፤ እህል ቀመሱ፤ ሱቁም ተከፈተ።

በዐቢይ ጾም ከቅዳሴ ስመለስ በዚያ በኩል አለፍሁ። አቶ ይርጋ አንድ ቆርኪ በልተው ከት ብለው ይሥቃሉ። እኔን አላዩኝም፤ ተነሥተውም መስቀል አልተሳለሙም። የቆሰለው የገዛ ክብሬ ነበር፤ እኔ ግን መንፈሳዊ ቅናት መሰለኝ። በሰው ፊት እንዲህ አልኋቸው፦ «ሚስትህ ዓመት እንኳ ሳይሞላት፣ አንተ በጾም ወራት በቆርኪ ትሥቃለህን? ያ ሁሉ እንባ ለማን ነበር?»

ሣቃቸው ከአፋቸው ላይ ደረቀ። ሐጂ ሸምሱ «አባታችን፣ ሰውየው ሣቅ ያገኘው ገና አሁን ነው፤ ይተዉት እንጂ» አሉ።

«በእኔና በንስሐ ልጄ መካከል አይግቡ» ብዬ አሳፈርኋቸው።

ከዚያም አቶ ይርጋ ዳማ እንዳይነኩ ቀኖና ሰጠኋቸው። መስቀሌን ተሳልመው «እስከ መቼ ነው አባቴ?» አሉኝ። በልቤ እስከ ፋሲካ ብዬ ነበር። በአፌ ግን «ፈታሁህ እስክልህ» አልሁ።

ፋሲካ መጣ። ረሳሁት።

በበዓሉ ሳምንት ቤታቸውን ጸበል ልረጭ ገባሁ። ሰሌዳው ከበሩ አጠገብ፣ ዐይን ከሚያርፍበት ስፍራ ተደግፎ ቆሟል። አቶ ይርጋ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ሰሌዳውን ይመለከታሉ። እኔም «ይህን ጣውላ አንሣው፤ ሰው ያደናቅፋል» አልሁ። ራሳቸው አንሥተው ወደ ጓዳ አስገቡት። በላሁ፤ ጠጣሁ፤ መርቄ ወጣሁ።

ክረምት ሳይገባ ሱቁ ዳግመኛ ተዘጋ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ባገኘኋቸው ጊዜ «ስግደት ጨምር» እያልሁ በሸክም ላይ ሸክም ጫንሁባቸው። ማክሰኞ ጧት ልጃቸው ቁርስ ይዛ ስትገባ ዐርፈው አገኘቻቸው። ሐኪም የሞታቸውን ምክንያት በሌላ ስም ጽፎት ይሆናል። ዘይቱን ማን እንደ ነሣቸው ግን እኔ ዐውቃለሁ።

በቀብሩ ቀን ሐጂ ሸምሱን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው አገኘኋቸው። ሰሌዳው ከበሩ አጠገብ የቆመው እኔ አይቼው ቀኖናውን እንድፈታላቸው መሆኑን የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው።

«ታዲያ ለምን አልጠየቀኝም?» አልሁ።

«ስንቴ ጠይቃቸው አልሁት! ‹አባቴ አይረሱም፤ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው› ይለኛል።»

«እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም?»

«መካከል አይግቡ ብለውኛል እኮ፣ አባታችን።»

በየቤታችሁ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ያላችሁ ሁሉ፣ ወደ እናንተ የሚያዞረውን ነገር፣ ቆርኪም ቢሆን፣ አትናቁበት። እኔ ንቄ አይቼዋለሁ።

አቶ ይርጋ ሆይ፣ በሕይወትዎ ሳሉ «አንተ» እያልሁ አዘዝሁዎ፤ ዛሬ ከመቃብርዎ አጠገብ ቆሜ «እርስዎ» እልዎታለሁ። ፍትሐት ሳደርስልዎ ያን ቀኖና አነሣሁት፤ እጅዎ ግን ከእንግዲህ ቆርኪ አያነሣም። እስከ መቼ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መልሱ እስከ ፋሲካ ነበር። በደህና ይረፉ። በፈጣሪ ፊት የተገናኘን ዕለት የምለምንዎ ያው እርስዎ ሃያ ዓመት ሙሉ ከፊቴ ጎንበስ ብለው ሲሉኝ የኖሩትን ቃል ነው፦ ይፍቱኝ።