የእህቴ ምላስ

የታናሽ እህቴ እጆች ቀኑን ሙሉ የማጠቢያ ሶዳ በተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ናቸው፤ በአንድ ኬክ ቤት ያረሩ የኬክ መጋገሪያዎች ትፈትጋለች። ድሮ በዚያው ኬክ ቤት ኬኩን የምትሠራው እሷ ነበረች። ፊደል ስላልቆጠረች ነጫጮቹን ዱቄቶች የምትለየው ከየቆርቆሮው ቆንጠር አድርጋ በመቅመስ ነበር። ጨው፣ ስኳር፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ምላሷ አንዱንም አይስትም ነበር።

ሊጥ የሚያቦካውን ሰውዬ ግን በመሃይም መታዘዙ ያንገበግበው ነበር። አንድ ጠዋት የተደፈነ ቱቦ የሚከፍቱበትን ኮስቲክ ሶዳ በቤኪንግ ሶዳው ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረው።

«እትዬ፣ እስቲ ቅመሺና ንገሪን» አላት።

ቀመሰች። ምላሷ ተላጠ። ውሃ ፍለጋ ስትደናበር እሱና ጓደኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ምነው፣ ዛሬ ፊደሉ መረረሽ?»

ቁስሉ ዳነ፤ ጣዕም ግን እንደወጣ ቀረ። የቤቱ ባለቤት «ካልቀመስሽ ምን ትሠሪልኛለሽ?» ብላ ዕቃ አጣቢ አደረገቻት፤ ቦታዋን ለሰውዬው ሰጠችው። ዛሬ የምትፈትገው እሱ ያሳረረውን ነው።

እኔ ቤት ስትመጣ ከጎረሰች በኋላ ቀስ ብላ «እታለም፣ ጨው አለው?» ትለኛለች። አለው እላታለሁ፤ እሺ ብላ ትበላለች።

እኔም ፊደል የቆጠርኩት ከእሷ ጉዳት በኋላ፣ በእርጅናዬ ነው። እናንተ ይህን የምታነቡ ልጆቼ፣ ኮስቲክ ሶዳን በምግብ ዕቃ አታስቀምጡ። አጠገባችሁ ማንበብ የማይችል ሰው ካለም፣ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሳትስቁ አንብቡለት።