አሥራ አንድ የተባሉት አራት ዲስኮች

በውሃ መሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያዋን በስሟ የሚጠራት የለም። ቶሎ ስለምትነድ ሁሉም "ክብሪት" ይላታል። ለአራት ዓመት የመሥሪያ ቤቱን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ስትጠብቅ ኖራ የተሻለ ሥራ አገኘች፤ ሰኞ መጀመር አለባት። የቀራት አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት በእጇ እንደሌለ የሚያረጋግጥ፣ ከንብረት ክፍል የሚሰጠው ክሊራንስ።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሐቀኛ ግን ድርቅ ያሉ ሰው ናቸው። ረቡዕ ጠዋት መዝገባቸውን ገልጠው፣ "ሰባት ዲስክ ጎድሎብሻል" አሏት።

"ምን?"

"መዝገቡ አሥራ አንድ ይላል። ትናንት ሰርቨሩን አስከፍቼ ስቆጥር አራት ነው። ሰባቱስ?"

ደሟ ፈላ። መዝገቡን ስባ ስታየው ደግሞ ይበልጥ የሚያበግን ነገር አገኘች። የተቀዳው አምና ለቆጠራ ብላ ራሷ አትማ ከሰጠቻቸው ዝርዝር ነበር። ሰርቨሩ የሚሠራበት ሊኑክስ የተባለው ፕሮግራም ሙሉውን ዲስክም፣ ከዲስኩ ላይ የተከፈለውን ክፋይም ጎን ለጎን እየደረደረ ነው የሚያሳየው። እሳቸው መስመሩን ቆጥረው እያንዳንዱን ዲስክ ብለው መዝግበውታል።

"ጋሼ፣ ኤስዲኤ የሚለው ዲስኩ ነው። ኤስዲኤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚሉት የእሱው ክፋዮች ናቸው። ቤትዎ ስንት ክፍል አለው?"

"ሦስት።"

"ታዲያ አራት ቤት አለኝ ይላሉ?"

"አንድም የለኝም፤ ኪራይ ነው። ሰባቱን አምጪ።"

ማታ እቤት ገብታ በሩን ስታላጋው እናቷ፣ "በሩ ምን አደረገሽ?" አሏት።

ሐሙስ ተመልሳ፣ "በቁጥር የሚያልቀው ስም ሁሉ ክፋይ ነው፤ እሱን ይተዉት" አለቻቸው። ኃላፊው እርሳሳቸውን አንስተው በዝግታ፣ በዝግታ ምልክት አደረጉ። ቀና ሲሉ ግንባራቸው ተኮማትሯል።

"ሦስት ቀረ። ማሽኑ ውስጥ ያለው አራት ነው። አራተኛው የማነው? የግል ዕቃሽን ነው ያስገባሽው?"

ክብሪት ግንባሯን መታች። አራተኛው አዲሱ ፈጣን ዲስክ ነው፤ ስሙ ኤንቪኤምኢ ዜሮ ኤን አንድ ይባላል።

"እሱ በቁጥር ቢያልቅም ሙሉ ዲስክ ነው!"

"አሁን በቁጥር ያለቀ ሁሉ ክፋይ ነው አላልሽም?"

"ብያለሁ!"

"ታዲያ የትኛዋን ልመን? የቅድሟን ወይስ የአሁኗን?"

ከሁሉ ያንገበገባት እውነታቸውን መሆኑ ነው። መዝገቡን ትታ ወጣች። ክፍሏ ገብታ ስትጎረጉር ቆየችና ከስም የተሻለ መለያ አገኘች። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ስም አንድ ፎልደር አለው፤ ስሙ የክፋይ ከሆነ እዚያ ውስጥ "ፓርቲሽን"፣ ማለትም ክፋይ፣ የሚባል ፋይል ይገኛል። የሙሉ ዲስክ ከሆነ ፋይሉ የለም።

ኃላፊውን ጠርታ ስክሪኑ ፊት አስቀመጠቻቸው። አሥራ አንዱን ፎልደር አንድ በአንድ ከፈተች። እሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ "አለ"፣ "የለም" ይላሉ። ሰባት "አለ"፣ አራት "የለም" ሆነ።

ይደሰታሉ ብላ ስትጠብቅ፣ እሳቸው ተነሥተው አንድ አሮጌ መዝገብ ይዘው መጡ። "የድሮው ሰርቨር መጋዘን ውስጥ አለ። እሱንም እይልኝ።"

መዝገቡ ላይ ዘጠኝ ዲስክ ተጽፏል። አቧራውን አራግፋ ማሽኑን ስታስነሣው ሦስት ዲስክና ስድስት ክፋይ ሆኖ ተገኘ። ከእሷ በፊት የነበረው ባለሙያ ስድስት ዲስክ አጉድሏል ተብሎ ያለ ክሊራንስ የወጣው በዚሁ ማሽን ሰበብ ነው።

"ጋሼ! ያን ሰው እኮ ሌባ አሰኝተውታል!"

"አውቃለሁ" አሉ፣ መዝገቡን እየዘጉ።

ዓርብ የእሷን ክሊራንስ ፈረሙ፤ የቀድሞውን ባለሙያ ክሊራንስም ጻፉ። "አብረሽኝ ሂጂ" አሏት። ሰውየው አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ጠባብ ሱቅ ይዞ ስልክ ይጠግናል። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው።

"አራት ዓመት ሙሉ ክፋይ ነው፣ ክፋይ ነው እያልኩ ስጮህ ነበር እኮ!"

"ስትጮህ ሰምቻለሁ። አልገባኝም ነበር፤ ይቅር በለኝ።"

ሰውየው እጁን አልዘረጋላቸውም። ወደ ክብሪት ዞሮ፣ "አንቺ ምን ብለሽ አስረዳሻቸው?" አላት።

"እኔም መጀመሪያ ተሳስቼ ነው የነገርኳቸው" አለችው።

ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ቆይቶ፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው፣ በርጩማውን በእግሩ ወደ ኃላፊው ገፋላቸው። ተቀመጡ።