«ወገቤን ነው» ያልኩት ሕመም

የወር አበባዬ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ጠዋት አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ካለው ቤቴ ወደ ሥራ ልወጣ ስል የውስጥ ልብሴ ላይ ደም አየሁ። ጥቂት ነው። ሥራዬ ዴንቨር አየር ማረፊያ መንገደኛ በዊልቸር መግፋት ስለሆነ፣ ከባድ ሰው ገፍቼ ይሆናል ብዬ ፓድ አድርጌ ወጣሁ። ደሙ ግን አልተወኝም። ለጎረቤቴ ብነግራት ሳቀች። «ልጅነትሽ ተመለሰ! እንደ ሣራ ልትወልጂ ነው እንዴ?» እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ክሊኒክ ሄድኩ። እንግሊዝኛዬ ለመንገደኛ ይበቃል፣ ለሐኪም አይበቃም። ነርሷ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ አስተርጓሚ ጠራች። «ጤና ይስጥልኝ እናቴ» አለ የወንድ ድምፅ። ክው አልኩ። ቁርጥ የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ! እሁድ እሁድ ማይክ ይዞ አምልኮ የሚመራው ልጅ። ሐኪሟ ምን እንደሚያመኝ አስጠየቀችኝ። ለእሱ ደም ይፈሰኛል ልበለው? ምን ቆርጦኝ! «ወገቤን ነው» አልኩ። የወገብ ማስታገሻ ተሰጠኝ። እሱን እየዋጥኩ መድማቴን ቀጠልኩ።

አብራኝ የምትሠራው ካምላ የሕንድ ገጠር ሴት ናት። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርብር ስለሆነ መሰለኝ፣ እንግባባለን። መጸዳጃ ቤት መመላለሴን አይታ አንድ ቀን በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ደም ነው?»

«ሥራ ረፈደብኝ» ብዬ ላልፋት ሞከርኩ። እሷ ግን ስለ ታላቅ እህቷ ነገረችኝ። በመንደራቸው ሴት የወር አበባ ጨርቋን እንኳ ፀሐይ ላይ አታሰጣም፤ ሰው እንዳያይባት ሌላ ልብስ ሥር ደብቃ ነው የምታደርቀው። እህቷም ከወር አበባ ማቆም በኋላ የመጣባትን ደም እንደዚያው ደበቀች። ለባሏ ማን ይንገረው ስትል ከረመች። ከተማ ሆስፒታል ሲያደርሷት የማህፀን ካንሰር ሆኖ ተሰራጭቷል።

«ለእሷ ሐኪሙ ሩቅ ነበር» አለችኝ ካምላ እያለቀሰች። «ላንቺስ?»

ተመልሼ ሄድኩ። ሴት አስተርጓሚ ጠየቅሁ። ለጊዜው የለችም፣ ሌላ ቀን ይመጣሉ ወይ ተባልኩ። እሺ ልል ነበር። የካምላ እህት ትዝ አለችኝ። «ያለው ይምጣ» አልኩ። ስልኩ ጠራ። ያው ድምፅ።

«ደም ይፈሰኛል» አልኩ። «ከማህፀኔ።»

ጆሮዬ ጭው አለ። እሱ ግን ያልኩትን በረጋ ድምፅ ተረጎመው። በቃ፣ ይኸው ነው!

ሐኪሟ ቀና አለች። «የወር አበባ ከቆመ በኋላ ጠብታም ብትሆን እንመረምራለን።» በአልትራሳውንድ ሲታይ የማህፀኔ ግድግዳ ወፍሯል። ለምርመራ ከዚያው ትንሽ ቁራጭ፣ ባዮፕሲ የሚሉት፣ ተወሰደ። ያማል፣ ግን ቶሎ ያልፋል። የባሰው መጠበቁ ነው። ምግብ አልበላ አለኝ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከክሊኒኩ ነው ብዬ እሮጣለሁ።

ካንሰር ነው። የማህፀን ግድግዳ ካንሰር።

«ገና የተሰራጨ አይመስለንም» አለችኝ ሐኪሟ። «ማህፀንዎን እናወጣለን።»

አወጡት። ከማህፀኔ አላለፈም ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት፣ መጀመሪያ ግድግዳ ይዤ፣ ቀጥሎ ካምላን ተደግፌ፣ በኋላም ብቻዬን እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ እየሄድኩ፣ ሲደክመኝ እየተቀመጥኩ፣ ሲያምረኝም እየዘመርኩ ያለፉ ናቸው። አሁን በክትትል ላይ ነኝ፤ ወደ ሥራዬም ተመልሻለሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሜንና ካምላን እሱ ይባርክልኝ። እናንተ እህቶቼ፣ የወር አበባችሁ ከቆመ በኋላ ደም ካያችሁ ዛሬውኑ ሂዱ። ሴት አስተርጓሚ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው፤ አስተርጓሚም የሰማውን አውጥቶ ማውራት አይፈቀድለትም። ሴት ከጠፋች ግን በወንዱም ቢሆን ተናገሩ። ወገቤን ነው አትበሉ።

ዘማሪው እሁድ እሁድ ዛሬም ያስዘምረናል። ሲጨርስ ወርዶ «እናቴ፣ ደህና ነዎት?» ይለኛል፣ ለሁሉም እንደሚለው። ያ ድምፅ የእሱ ይሁን አይሁን እስካሁን አላወቅሁም። «ደህና ነኝ ልጄ» እለዋለሁ፤ እውነቴን ነው።