ከድንጋዩ ወዲያ የገፋኋት እሩር

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። በጎረቤቴ መቅናቴን፣ በቅዳሴ ሰዓት ማንቀላፋቴን፣ በጾም ወተት መቅመሴን ሁሉ ተናዝዣለሁ። ይህን ግን ለናቴ አልነገርኩም፤ ለባሌ አልነገርኩም፤ ለወለድኳቸውም አልነገርኩም። ከሁለት ሰዎች በቀር የምትሰሙኝ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። ይህን ስጽፍ እፈራለሁ፤ ፍርሃት ብቻ ግን አይደለም። ደስ ብሎኛል! ስልሳ ዓመት የተሸከምኩትን ላወርድ ነውና ልቤ እንደ ጥጃ ይፈነጫል። በደለኛ እንዲህ ደስ ሊለው ይገባል? እንጃ፤ ፍርዱን ለናንተ ትቼዋለሁ።

ትርንጎ እባላለሁ፤ የመንዝ ሰው ነኝ፤ ሞላሌ አካባቢ ላይ አምባ ከምትባል መንደር። ተማሪ ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከየኔታ አጥር ውጭ ተቀምጬ ሱፍ ስፈትል፣ ልጆቹ ሲጮኹ እየሰማሁ ነው። እግሬም አያርፍም። ዛሬ ዘመሮ ገበያ ብታገኙኝ ነገ አንዱ ገዳም ነኝ። ልጆቼ "እማማን የፈለገ መናኸሪያ ይጠብቃት" እያሉ ይስቁብኛል።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ማርታ ናት። ማርታ የምትኖረው ስኮትላንድ ነው። በከተማዋ በበረዶ ላይ በዱላ የሚጫወት ቡድን አለ፤ የበረዶ ሆኪ ይሉታል። እሷም የምትሠራው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። እኛ ወለል በእበት እንደምንለቀልቀው እሷ መኪና ላይ ተቀምጣ በረዶውን በውሃ ትለቀልቀዋለች። አንድ ቅዳሜ ጨዋታውን በስልክ አሳየችኝ። ከመደቡ ዘልዬ ተነሣሁ!

"ማርታ! ይሄ እኮ ገና ነው! የኛ ገና!"

"ቀስ በይ እማማ፣ ስልኩን ትጥይዋለሽ።"

"ተይኝ! ያ ቀይ የለበሰው ምን ያንቀላፋል? ምታ በይው!"

"አይሰማኝም፣ መስታወት አለ።"

"ለመሆኑ ይሄን ሲጫወቱ ይውሉና ሥራቸውን መቼ ይሠራሉ?"

"ሥራቸው ይሄው ነው እማማ፤ ደሞዝተኞች ናቸው።"

"ወይ ወንድሜ! እሱ ጥርሱን ያወለቀው በነጻ ነው!"

ከጨዋታው ይልቅ የቡድኑ ታሪክ ያዘኝ። ማርታ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ታወራልኝ ነበር። መርከብ የሚሠሩ ሰዎች ጀመሩት። ጦርነት መጣና ወጣቶቹ ዘመቱ፤ አዳራሹ ተዘጋ፤ ቡድኑ ሞተ። ጦርነቱ ሲያልፍ የተረፉት ተሰባስበው አስነሡት። ደግሞ የአዳራሹ ጣሪያ አርጅቶ ፈረሰና ዳግም ሞተ። ሽማግሎቹ ግን ማልያቸውን በየሳጥናቸው አስቀምጠው፣ ልጆቻቸውን በየሜዳው እያስተማሩ ቆዩ። አዲስ አዳራሽ ሲሠራ ቡድኑ እንደገና ተነሣ፤ አሁን ከካናዳ ድረስ ተጫዋች ይቀጥራል። "ደግሞ ተነሣ?" እያልኩ እጮህ ነበር። ምን ዓይነት ነፍስ ነው ያለው!

ጥፋት ያጠፋ ተጫዋች ደግሞ ሰው ሁሉ እያየው መስታወት ቤት ውስጥ ሁለት ደቂቃ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወጥቶ ይጫወታል። ሁለት ደቂቃ ብቻ! የኔ ስልሳ ዓመት ሆኖታል።

ቀጥላም አንድ የድሮ ተጫዋች ካረጀ በኋላ ተነሥቶ "ዋንጫ ያገኘንባትን ጎል በዱላ አይደለም፣ በእጄ ነው ያገባኋት" ብሎ መናገሩን አወራችልኝ።

"ሰድበው አባረሩት?"

"አላባረሩትም እማማ። የቡድኑ ታሪክ በተጻፈበት ግድግዳ ላይ፣ ከዋንጫው ሥር፣ ይህንንም ጻፉት።"

እሷ ምን አውቃ! በዚያው ግድግዳ ላይ የአዳራሹ ሠራተኞች በየአገራቸው የሚጫወቱት የዱላ ጨዋታም ሊጻፍ ነውና "የላይ አምባን ድል ካንቺ አፍ ልስማው፤ የወንድምሽን የመኩሪያን ምት ንገሪኝ" አለችኝ። በዚያ ግድግዳ ላይ የኔ ውሸት ሊጻፍ ነው! ያ ሽማግሌ የራሱን ውሸት ባወረደበት ቦታ እኔ የኔን ልሰቅል?

እንግዲህ ስሙኝ።

ላይ አምባና ታች አምባ አንድ ደብር የሚሳለሙ መንደሮች ናቸው። ያኔ በገና ዕለት ወንዱ ሁሉ ቆልማማ ዱላውን ይዞ ወደ ጨፌው ይወርዳል፤ ከወይራ ጉጥ የተጠረበችውን ኳስ፣ እሩሯን፣ ይመታል። እኛ በታችኛው ጫፍ ያለውን የወሰን ድንጋይ ካሳለፍናት አሸነፍን፤ እነሱ የላይኛውን ካሳለፉ አሸነፉ። ያሸነፈ ይጨፍራል፤ የተሸነፈውን ይሰድባል፤ በዚያን ዕለት ስድብ ማንም አይቀየምም። እኛ ሦስት ገና በተከታታይ ተሸንፈን ነበር። ወንድሜ መኩሪያ የቡድናችን መሪ ነበርና ስድቡ ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚወርደው። "የመኩሪያ ዱላ ገንፎ ያማስል!" ሲሉት ዓይኑ እንባ ሲያቀር አይቻለሁ።

በአራተኛው ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሴቶቹ ዳገቱ ላይ ሆነው ያያሉ፤ እኔ ግን ቅርብ ልሁን ብዬ ወርጄ ከታችኛው የወሰን ድንጋይ አጠገብ፣ ረጅሙ ሣር ውስጥ ተቀመጥኩ። መጡ! ጨፌው ተርገፈገፈ! ዱላ ከዱላ ሲጋጭ፣ "ያዝ! በግራ! ልቀቃት!" ሲባል፣ መኩሪያ ከመሐል ፈልቅቆ ወጣና መታት። ኧረ እንዴት ያለ ምት ነው! እሩሯ እያፏጨች መጣች፤ ወረደች፤ ነጠረች፤ ተንከባለለች፤ ከድንጋዩ አንድ ክንድ ሲቀራት ቀሚሴ ሥር ገብታ ቆመች።

ቆመች። አላለፈችም።

እኔ ገፋኋት። ማን አዘዘኝ? ማንም። ማን አስገደደኝ? ማንም። ሰማይ ሰማይ እያየሁ፣ በቀሚሴ ሸፍኜ፣ በተረከዜ ከድንጋዩ ወዲያ ገፋኋት። እኔ ነኝ የገፋኋት።

የታች አምባን ወሰን የሚጠብቀው አያሌው የሚባል ወጣት ነበር። ሮጦ ደረሰና "አላለፈችም! ልጅቱ ሥር ነበረች፣ አንድ ክንድ ቀርቷታል!" ብሎ ጮኸ። የኛዎቹ "ይኸው ከድንጋዩ ወዲያ ናት፣ ዓይን የለህም?" አሉ። ዱላው ሁሉ ለሌላ ነገር ተነሣ። ሽማግሎች መሐል ገቡ። ተጫዋቾቹ ካልተስማሙ ዱላ ያልያዘ ሰው እንዲመሰክር ነበር ልማዱ፤ እዚያ ዱላ ያልያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ።

"አትፍሪ የኔ ልጅ" አሉኝ አንድ አባት፤ "ራሷ ነው ያለፈችው?"

"አዎ፣ ራሷ አለፈች።"

"ማርያምን?"

"ማርያምን።"

አያሌው ፊቴን አየ፤ ወረድ ብሎ እግሬን አየ። ከዚያ ዱላውን ጥሎ "ከልጅ ጋር አልካሰስም" አለና ሄደ።

ያን ቀን ላይ አምባ እንዴት እንደጨፈረ ብነግራችሁ! መኩሪያን ትከሻ ላይ አወጡት፤ እኔንም አወጡኝ። እልል አልኩ። አፌ ሞልቶ እልል አልኩ።

የገና ስድብ በማግሥቱ ይረሳል፤ በአያሌው ላይ የተለጠፈው ግን ስድብ አልነበረም፤ የማርያም ስም ተጠርቶበታል። በገበያ "አያሌው፣ ይሄ በግ ነው ወይስ ፍየል? እስቲ አንተ እውነቱን ንገረን" ይሉት ጀመር። ጎረቤቱ የማሳውን ወሰን ሲገፋበት ሽማግሌ ፊት ቆሞ ቢናገር "ደግሞ አንተ ስለ ወሰን ልትመሰክር ነው?" ብለው ሳቁ። ማሳው ሄደ። እሱም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ መርሐቤቴ ወረደ። ታች አምባዎችም ከዚያ ወዲህ ለገና ወደ ጨፌው ወርደው አያውቁም። የማርታ ቡድን ሁለት ጊዜ ሞቶ ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ የኛን አንድ ጊዜ ገደልኩት፤ በዚያው ቀረ።

ለወንድሜ ብዬ ነው ልበል? ወንድሜ እስኪሞት ያቺን ምት ሲያወራ ኖረ፤ አልቃሾቹም በለቅሶው ላይ አነሡለት። እኔም አብሬ አነሣሁ። እውነቱን እያወቅኩ ደረቴን እየመታሁ አነሣሁ! እሱ ካረፈ በኋላስ ምን ያዘኝ? ከአገር አገር፣ ከገዳም ገዳም ስዞር እዚያው መርሐቤቴ ስንቴ ደርሻለሁ? እግሬ ያልረገጠው የአያሌውን ደጅ ብቻ አይደለም?

ከማርታ ጋር ባወራሁ በማግሥቱ ተነሣሁ። ሁለት መኪና ቀያይሬ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ፊቴን እያየች "ሠርግ ነው የሚሄዱት እማማ?" አለችኝ። "የለም ልጄ፣ ልከሰስ ነው" አልኳት። ደነገጠች።

ጠይቄ አገኘሁት። ከልጁ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ዓይኑ ደክሟል።

"ጋሽ አያሌው፣ እንደምን ዋሉ? የላይ አምባዋ ትርንጎ ነኝ። የመኩሪያ እህት።"

እጁ ቆመ። ቀና አለ።

"ባለ ተረከዟ!" አለኝ።

መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። "አይተውኛል እንዴ?"

"ዓይኔ ያኔ ደህና ነበር እኮ!" ሳቀ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"በማርያም ማልሽ። ዋሽታለች ብል፣ ያቺ ትንሽ ልጅ በሐሰት የማለች ተብላ ስትጠራ ትኖር ነበር። እኔ ወንድ ነኝ፣ አንድ ገና ብሰደብ ያልፋል ብዬ ነው።" ገመዱን ጉልበቱ ላይ አኖረ። "አላለፈም።"

እግሩ ላይ ወደቅኩ። ክንዴን ይዞ አነሣኝ።

"ተነሺ፣ ተነሺ። ይቅር ያልኩሽማ ያኔ ነው። ስሜ ግን አንቺ ዘንድ ቀርቷል። ልጆቼ የውሸታም ልጆች ሲባሉ ነው ያደጉት። እኔን አትለምኚኝ ትርንጎ፤ ሂጂና ስሜን አምጪልኝ።"

ይኸው ላመጣለት ነው! ለማርታ ነግሬያታለሁ፤ ከግድግዳው ላይ የወንድሜን ምት ትጻፍ፣ ከሥሩም እሩሯ አንድ ክንድ ቀርቷት እንደቆመች፣ አያቷ በተረከዟ እንደገፋቻት ትጻፍ። ይህንንም ወረቀት በመጪው ገና ሁለቱን መንደር ጨፌው ላይ ጠርቼ ራሴ አነበዋለሁ።

እናንተ ግን፣ የታች አምባም ሆናችሁ የላይ አምባ፣ "ልጅ ነበረች" ብላችሁ እንዳትራሩልኝ። ልጅቱ የዋሸችው አንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ያለችው ያገባችው፣ የወለደችው፣ የቆረበችው ትርንጎ ናት። እሷን ማሩልኝ አልልም። አያሌውን ብቻ እመኑት።