የፌርማታው ድንጋይ

ሰው ቂመኛ ይለኛል። ይበል። በደል ባለበት ቂም ካልተያዘ ምን ሊያዝ ነው?

ኮልፌ ውስጥ፣ ከቤቴ ቁልቁል፣ ከ18 ማዞሪያ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ፌርማታ አለች። ምልክት አልተተከለባትም፣ ጣሪያ አልተሠራላትም። ፌርማታ ያደረጋት ሰው ስለሚቆምባት ነው። ሰው ይቆማል፣ ታክሲ ይቆምለታል፣ በቃ። አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይም ነበረባት። አስፋልቱ ሳይነጠፍ ጀምሮ እዚያው ነበር። ስንቱ ተቀምጦበት ላዩ እንደ ሳህን ለስልሷል።

ለሌላው ሰው ድንጋዩ መቀመጫ ነው። ለጎረቤቴ ግን ዓይኗ ነው። ጎረቤቴ ማየት የተሳናት ሴት ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ብታንስ ነው። ከበሯ ወጥታ የአጥሩን ግንብ በግራ እጇ እየዳሰሰች ትወርዳለች። ግንቡ ሲያልቅ በትሯን ታስቀድማለች። በትሯ ድንጋዩን ቋ ሲያደርገው ትቆማለች። ከዚያ ወያላው ሲጮህ ጆሮዋን ትጥልና "አስኮ ነህ?" ትለዋለች። አስኮ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች፣ ገበያ ትሄዳለች፣ ጸሎት ትሄዳለች፤ ማንም እጇን ሳይዛት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿ "ቤት ተቀመጪ፣ የምትመራሽ ሠራተኛ እንቅጠርልሽ" እያሉ ይጨቀጭቋታል። "እግሬን አመመኝ አልኳችሁ?" ነው መልሷ።

ከፌርማታዋ ጀርባ የነበረው አሮጌ ግቢ ተሸጠና ባለ መስታወት ፎቅ ተሠራበት። ባለቤቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው። ከፊት ወንበር ይቀመጣል፣ ሲጸልይ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ሕንፃው ሲመረቅ ሄደን ዘምረንለታል። እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ያንን እልልታ ሳስበው እስከ ዛሬ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል።

አንድ ጠዋት የጩኸት ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ጎረቤቴ አስፋልቱ መሃል ቆማለች። አንድ የጭነት መኪና አፍንጫዋ ሥር ደርሶ ቀጥ ብሏል። ወያላው ነጠላዋን ከኋላ ጨምድዶ ይዟታል። "ማዘር፣ ምን ነካዎት?" ይላል። እሷ ደግሞ በበትሯ አየሩን እየፈለገች "ድንጋዩ የታለ? ድንጋዩ የታለ?" ትላለች።

ድንጋዩ የለም። በቦታው ትልልቅ የአበባ ማሰሮዎች በሰንሰለት ተያይዘው ተደርድረዋል። ተሳፋሪው ሁሉ ዳገቱ ላይ ወጥቶ ተሰልፏል። ጎረቤቴ ድንጋዩን ስታጣ ወደፊት ሄደች፤ ወደፊት ደግሞ መኪና ነው ያለው።

ቤቷ አስገብቻት ተመለስኩና የሕንፃውን ባለቤት በረንዳው ላይ አገኘሁት።

"እማማ፣ እንደምን አደሩ?" አለኝ።

"ድንጋዩስ የት አደረ?"

"የቱ ድንጋይ? እ... እሱ! አካባቢውን እያስዋብን ነው እኮ። ሰዉ መስታወቱን እየተደገፈ አስቸገረን። ፌርማታው ትንሽ ወደ ላይ ሄዷል።"

"በምኑ ሄደ? እግር አለው?"

"ተራ አስከባሪዎቹን አነጋግሬያቸዋለሁ። ደግሞ ዳገት መውጣት ለጤናም ጥሩ ነው፣ እማማ።"

"ለጤና ጥሩ ከሆነ መኪናህን እዚያ ላይ አቁመህ በእግርህ ውረዳ!"

ጥበቃው ሳቁ አምልጦት ሳል አስመሰለው። ሰውየው ግን ፈገግ እንዳለ ነው። እንደዚያ ዓይነቱን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ አሮጊት እስክትደክም ድረስ የሚጠበቅበት ፈገግታ ነው።

ማታ ቤት ውስጥ ስነጫነጭ የልጅ ልጄ ሳቀችብኝ። አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፣ ለሥራዋ ጣሊያንኛ ተምራለች። እሁድ እሁድ ደግሞ መዘምራን ውስጥ ናት።

"ቃሉ ራሱ ከአንቺ ጋር ነው እኮ፣ እማማ" አለችኝ።

"የምን ቃል?"

"ፌርማታ። ጣሊያንኛ ነው፣ መቆሚያ ማለት ነው። የጣሊያንኛው እናት ደግሞ ላቲን ነው። በላቲን ሥሩ ጽኑ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነው።"

እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ ግን አንድ ነገር ከሰማሁ ሳላጣራ አልተውም። ሌላስ ምን ወለደ አልኳት። ፊርማ የምንለውም ከዚያው ነው አለች፤ ሰው ቃሉን የሚያጸናበት። ጣሊያኑም ስፔኑም ያንኑ ፊርማ ይላሉ። ወጣቶቹ "ኮንፈርም አድርጊልኝ" የሚሉትም የልጅ ልጁ ነው። እንግሊዝና ጀርመን ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ድርጅት ሆነ፤ ነጋዴው ከሚፈርምበት ስም ተነስቶ።

"እንግዲያው ያ ባለ ድርጅት ሰውዬም ከቃሉ ድርሻ አለው ማለት ነው" አልኩ ተናድጄ።

"አለው። ቃል ለማንም አያዳላም። እኛ መዘምራኑም አለን። በሙዚቃ ጽሑፍ ላይ ፌርማታ የሚባል ምልክት አለ። እሱ ጋ ስንደርስ ድምፃችንን ይዘን እንቆያለን፣ መሪያችን እጁን እስኪያወርድ።"

"እስከ መቼ?"

"እሱ እስከፈቀደ ድረስ።"

ይህን ወደድኩት። ሌሊቱን ስገላብጠው አደርኩ። ሮም የተወለደ ቃል ስንት አገር ዞሮ፣ ስንት ሰው አፍ ገብቶ ኮልፌ ሲደርስ አሁንም ቁም ማለቱን አልተወም። ይህ ሰውዬ ግን ሰንሰለት ገዝቶ አነቃነቀው።

በቤተ ክርስቲያናችን የጌታ እራት ከመቅረቡ በፊት የተጣላ ይታረቃል። ቂም የያዘ ሰው ኅብስቱ ሲዞር ሳይነካ ያሳልፋል። ማሳለፍ ደግሞ በሰው ፊት ነው፤ ሁሉም ያያል። እኔ አሳለፍኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አሳልፌ አላውቅም ነበርና ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

ለተከታዩ እራት ዋዜማ ሽማግሌዎቹ ሰውየውን ይዘው ቤቴ መጡ። ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

"እህታችን፣ ወንድማችን ይቅርታ ሊጠይቅዎት መጥቷል" አሉ።

"እማማ፣ አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ" አለ።

"ከሆነ አትበል። ድንጋዩ ይመለሳል?"

አንደኛው ሽማግሌ ጣልቃ ገባ። "እህታችን፣ ይቅርታ በቅድመ ሁኔታ አይታሰርም።"

"እኔ አላሰርኩም። ሰንሰለቱን የገዛው እሱ ነው።"

ሰውየው ወደ ጎረቤቴ ዞረ። ድምፁን አለሰለሰ፣ ያንን የጸሎት ድምፁን። "እናቴ፣ ለእርስዎማ አስቤያለሁ። ሾፌሬ በፈለጉበት ሰዓት ከበርዎ ይወስድዎታል።"

ሽማግሌዎቹ "አሜን" አሉ። ነገሩ ያለቀ መሰላቸው።

ጎረቤቴ ፊቷን ወደ ድምፁ አቀናች። "ሾፌርህ ሲታመምስ? አንተ ስትቆጣስ? አስኮ መሄድ ስፈልግ አንተን ላስፈቅድ ነው?" አለችው። "ልጆቼን እንቢ ያልኩትን ከአንተ ልቀበል? እኔ መኪና አለመንኩህም። የወሰድከውን መልስ።"

"አሜን በሉ እንጂ!" አልኳቸው። ሻይ ሳላፈላላቸው ሄዱ።

በማግስቱ የኅብስቱን ሳህን የሚያዞረው ራሱ ሰውየው ነበር። ሆን ብሎ እንደሆነ አላውቅም። ነጭ ጓንት አድርጎ የእኛ ረድፍ ጋ ደረሰና ሳህኑን ለእኔ ዘረጋ። መዘምራኑ እየዘመሩ ነው።

"ይውሰዱ፣ እማማ" አለ ዝቅ ብሎ።

"ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ካለው መባህን ትተህ ሂድ፣ ታረቅ ነው መጽሐፉ የሚለው። በእኔ ላይ አይደለም የተጻፈው፤ በአንተ ነው። አንተስ ትወስዳለህ?"

እኔ በሹክሹክታ ነው ያልኩት። ግን ሹክሹክታዬ እንደ ሌላው ሰው ንግግር ይሰማል። ሦስት ረድፍ ዞሮ አየን። አላሳለፍኩም፣ አልወሰድኩም፤ ሳህኑን ሁለታችንም ይዘነው ቀረን። ቀና ስል የመዘምራኑ መሪ እጁን ከፍ አድርጎ ወደ እኛ ያያል። ሳህኑ ስላልተንቀሳቀሰ መዝሙሩን መጨረስ አልቻለም። መዘምራኑ የመጨረሻዋን ድምፅ ይዘው ቆሙ፣ ቆሙ፣ ቆሙ። የልጅ ልጄ ፊት ደም መስሏል።

መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው ሰውየው ነው። ሳህኑን ለሌላ አዟሪ ሰጥቶ ወጣ። ያን ዕለት እሱም አልበላም፣ እኔም አልበላሁም።

በዚያው ሳምንት ሠራተኞች ሁለት ማሰሮ አንስተው ድንጋዩን ከሕንፃው ጓሮ እያንከባለሉ አመጡት። ተራ አስከባሪዎቹም ሰዉን ከዳገቱ አወረዱት። እኔ ስደርስ ሰውየው ቆሞ ያሠራል፤ ጎረቤቴም ግንቡን እየዳሰሰች ትመጣለች። በትሯ ቋ አለ። ቆመች። ዝቅ ብላ በመዳፏ ዳሰሰችውና ፊቷን ቋጠረች።

"ገልብጠውታል" አለች። "ፊቱን ቀብረውታል።"

እውነቷን ነው። ሻካራው ጎን ወደ ላይ ነው።

"እማማ፣ ድንጋይ ድንጋይ ነው" አለ ሰውየው።

"መልሰህ ገልብጠው" አልኩት።

ሠራተኞቹ ዓይን ዓይኑን አዩት። እሱ እኔን አየኝ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ለጥበቃው ሰጠና ትከሻውን ከሠራተኞቹ ጋር አስገባ። ድንጋዩ ዞረ። ጎረቤቴ ልስላሴውን አገኘችና ተቀመጠችበት።

"አስኮ! አስኮ!" አለ ወያላው።

"ቆይ፣ አለሁ!" አለችና ተነስታ ሄደች።

"አሁንስ?" አለኝ ሰውየው እጁን እያራገፈ።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት። ቀጥሎ ባለው እራት ኅብስቱን ወስጃለሁ፤ ከእሱ እጅ። የቀሩት ማሰሮዎች ግን የእግረኛውን መንገድ እንደዘጉ ናቸው፤ በየጠዋቱ አጠገባቸው ቆሜ አያቸዋለሁ። እሱም ከመስታወቱ ጀርባ ሳያቸው ያየኛል።